የሰሎሜን ፀጉር ማን ሠራው

እውነቱን ለመናገር ምንትዋብ ሹሩባ መሥራት አትችልም። ነርስ ለመሆን ስዊድን አገር ፍሌሚንግስቤሪ በሚባል ቦታ ትማራለች፤ ክረምት ከበጋ ማልዳ ወጥታ አውቶቡስ ላይ ናት። ፊቲያ ሰፈር ያለው ቤት፣ የአምስት ዓመቷ ሰሎሜና የሰሎሜ ፀጉር የቀሩት ለባሏ ለሕሩይ ነው፤ እሱ ሥራ የሚገባው ከሰዓት በኋላ ነዋ። ሰውየው የወንበር እግር ላይ ክር አስሮ ተለማመደ። መጀመሪያ ሰሞን ልጅቷ ዳጊስ በሚሉት መዋዕለ ሕፃናት የምትውለው ቁጥቋጦ ውስጥ ያደረ በግ መስላ ነበር፤ እያደር ግን እጁ ተፍታታ።

አንድ እሁድ ከቅዳሴ በኋላ እትዬ ሙሉወርቅ የልጅቷን ራስ ዳበሱና፣ «ምንትዋብ፣ ከዚያ ሁሉ ትምህርት ጋር! እጅሽ ይባረክ» አሉ። በቤተ ክርስቲያኑ ሴቶች ዘንድ እሳቸው ያመሰገኑት ተመሰገነ ነው።

«አሜን» አለች ምንትዋብ።

«አባዬ ነው የሠራኝ!» አለች ሰሎሜ በስዊድንኛዋ።

«ይተዉአት እትዬ፣ ሰሞኑን ውሸት ለምዳለች» አለች እናቷ።

ሕሩይ ሳህን ይዞ አጠገባቸው ቆሞ ነበር። ሁሉን ሰማ። ቤት ሲገቡም ነገሩን ሳያነሳ ምሳ ማቅረብ ያዘ፤ ምንትዋብን የገደላት ያ ነው።

ባሌን ሴታሴት እንዳይሉት ብዬ ነው ስትል ራሷን ልትደልል ሞከረች። ሐሰት። ሙያ የላትም እንዳይሏት ነው። ስንቅና ውሸት እያደር ይቀላል ይባላል፤ የሷ ግን እያደር ከበዳት። ይባስ ብለው እትዬ ሙሉወርቅ ደወሉ። «ቅዳሜ የልጅ ልጄን ይዤልሽ እመጣለሁ፤ እንደ ሰሎሜ አድርገሽ ሥሪልኝ።» እሺ አለች፤ ምን ትበል?

ቅዳሜ መጡ። ምንትዋብ ማበጠሪያውን አንሥታ መልሳ አስቀመጠችው። ሕሩይ ወጥ ቤት ጠራትና በሹክሹክታ፣ «የልጅ ልጃቸውን መኝታ ቤት አስገቢልኝ፣ እኔ እሠራታለሁ። አንቺ ሠራሁ በያቸው» አላት። ቂምም ሽሙጥም የለበትም። ምነው በሰደበኝ አለች በሆዷ። መሬት ተሰንጥቃ ብትውጣት በወደደች።

ተመልሳ እንግዳዋ ፊት ቆመች።

«እትዬ፣ እኔ ሹሩባ አልችልም። ሰሎሜን የሚሠራት ሕሩይ ነው። የዚያን ዕለትም እሱ ነው የሠራት።»

ሳቃቸውን ጠበቀች። እትዬ ሙሉወርቅ አልሳቁም። ምንጣፉ ላይ ወደምትጫወተው ሰሎሜ አዩና ዝግ ብለው፣ «ታዲያ ውሸታም ያልሻትን ልጅ ይቅርታ ጠየቅሻት?» አሉ።

አልጠየቀቻትም። ሳምንቱን ሙሉ ያፈረችው ባሏን ነበር፤ ልጅቷ ትዝም አላለቻት። ሰሎሜ ጨዋታዋን ትታ ሽቅብ እያየቻት ነበር።