በደረቅ ዳቦ የተቀጠረው አለቃ

ልብስ ሰፊውን ስለ ሚስቱ ቢጠይቁት «ደህና ናት» ብሎ ያልፋል። ስለ ውሻው ከጠየቁት ግን ወንበር ስበው ይቀመጡ፤ ቶሎ አይለቅዎትም።

ውሻው አለቃ ይባላል። ስሙ የወጣለት ሰው ሲሠራ ቆሞ ከማየት በቀር ሌላ ሙያ ስላልነበረው ነው። ኋላ ግን እሱም ሥራ ያዘ። ልብስ ሰፊው ወገቡን ያመዋል፤ ጎንበስ ማለት ለሱ ዳገት መውጣት ነው። አንድ ቀን ሜትሩ ከእጁ ወድቆ «ኧረ የፈጣሪ ያለህ!» ሲል፣ አለቃ ብድግ ብሎ ሜትሩን በአፉ አነሳና ጭኑ ላይ አስቀመጠለት። ሰውዬው ደስ ቢለው ከምሳው የተረፈ ደረቅ ዳቦ ቆርሶ ሰጠው። በቃ፣ ውሉ ያን ዕለት ታሰረ።

ከዚያ ወዲያ ጠመኔ ይውደቅ፣ ክር ይውደቅ፣ ትንሽ ለሃጭ ነክቶት ጭኑ ላይ ይመለሳል። ደንበኛ ሲመጣማ ልብስ ሰፊው ሆን ብሎ ይጥላል። «አየህ አይደል? የሰው ልጅ እንኳ ወድቆ ያገኘውን አይመልስም!» ይላል ደረቱን ነፍቶ።

አንድ ጠዋት ሱቁን ያከራዩት የግቢው ባለቤት አንድ እግራቸው ነጠላ ጫማ ውስጥ፣ ሌላው ባዶውን ሆኖ ሱቁ በር ላይ ቆሙ። ዕድሜያቸውን ሙሉ አንደኛ ክፍል ያስተማሩ፣ ጡረታ ወጥተውም ቁጣው ያልወጣላቸው ሴት ናቸው።

«አንተ ልብስ ሰፊ! ይሄ ሌባህ ዛሬም ጫማዬን ወስዶታል። በየቀኑ ነው እኮ! ወይ እሱ ይወጣል፣ ወይ አንተም የስፌት መኪናህን ተሸክመህ አብረኸው ትወጣለህ።»

ልብስ ሰፊው መቀሱን አስቀመጠ። ሱቅስ ሌላ ይገኛል። አለቃ «ሌባ» መባሉ ግን አጥንቱ ድረስ ገባ።

«እትዬ፣ ይምቱኝ እንጂ እንዲህ አይበሉኝ። የኔ ውሻ የወደቀ ይመልሳል እንጂ ያልወደቀ አይነካም። ይቀመጡና በዓይንዎ ይዩት።»

«እናያለና። አንዲት ጥፋት ካየሁ ግን ዛሬውኑ ከግቢዬ ውልቅ!»

ጠመኔ ጣለ፤ መጣ። መቀስ ጣለ፤ መጣ። ወንበር ስበው የተቀመጡት እትዬ ፊታቸው ፈታ ማለት ጀመረ። ልብስ ሰፊው «ይኸው!» ብሎ ወደ መኪናው ዞረና መርፌ ቀዳዳ ውስጥ ክር ለማስገባት ዓይኑን አጨነቆረ።

አለቃ ጠበቀ። ምንም አልወደቀም። አዛጋ። ከዚያ የፊት እግሮቹን ጠረጴዛው ጫፍ ላይ ሰቀለና አንዱን የክር ጥቅልል በአፍንጫው ገፋ አድርጎ ጣለው። ገና አሁን እንዳየው ሁሉ ደንገጥ ብሎ ሮጠ፤ አንስቶም አመጣ። ልብስ ሰፊውም ዞር ሳይል የመጨረሻዋን ዳቦ አጎረሰው።

«ኧረ ጉድ! ራሱ ነው የጣለው!»

«ማን?»

«ውሻህ ነዋ! ገፍቶ ጣለ፣ አነሳ፣ ደመወዙን ተቀበለ! አንተም ትከፍላለህ!»

ልብስ ሰፊው የክር ጥቅልሉን ወደ ኋላው ደበቀ። አለቃ በበኩሉ ዳቦው የሚቀመጥበት ቆርቆሮ ባዶ መሆኑን አሽትቶ አረጋገጠና ወደ እትዬ ሄደ። የቀረችውን ነጠላ ጫማ ከእግራቸው ቀስ አድርጎ አወለቀ፣ እስከ በሩ ወስዶ መለሳት፣ ጭናቸው ላይ አኖራት። በኋላ እግሮቹ ቆሞ አንድ ዙር ዞረ፤ ግንባሩን መሬት አስነክቶ እጅ ነሳ፤ ከዚያም አፉን ከፍቶ ጠበቀ።

«እትዬ፣» አለ ልብስ ሰፊው፣ «ማንሳቱን እኔ ነኝ ያስተማርኩት። ይሄን መዞርና እጅ መንሳት ግን አላውቀውም። ማነው ያስተማረው?»

«እኔ ምን አውቄ!» አሉ ጣሪያ ጣሪያ እያዩ። «ከመንገድ ለምዶ ይሆናል።»

ልብስ ሰፊውን ቅናት ጠቅ አደረገው። «ይሆናል። አዟዟሩም ገና ጥሬ ነው። አስተማሪው ሙያ ያለው አይመስልም።»

«ምን? ጥሬ? ጥሬ አልክ? ሦስት ትውልድ ፊደል ያስቆጠርኩ ሴት እኔ ነኝ ሙያ የሌለኝ? ከዚህ ሰፈር ልጆች ማን እንደሱ ቶሎ ገብቶት ያውቃል! አንድ ቀን የጠፋ ጫማዬን ከጓሮ ፈልጎ ሲያመጣልኝ ሥጋ ያልተለየው አጥንት ሰጠሁት፤ በማግስቱም አመጣልኝ፣ መዞሩን ጨመርኩለት፤ ከዚያ በኋላማ በየቀኑ...»

የገዛ ድምፃቸውን ሰሙ።

«ከዚያ በኋላማ ጫማዎ በየቀኑ መጥፋት ጀመረ» አለ ልብስ ሰፊው።

እትዬ አፋቸውን በእጃቸው ቢይዙትም ሳቁ በጣቶቻቸው መሃል አመለጠ። «አይ የኔ ነገር! ለካ ሌባውን ያሳደግሁት እኔ ነኝ!»

«እንግዲያው... ይውጣ ነው የሚሉት?» አለ እሱ።

«የት አባቱ ይሄዳል? ትምህርቱን ሳይጨርስ!»

«መሠረቱን የጣልኩት ግን እኔ ነኝ። ሰው ሲጠይቅዎ እንዳይረሱ።»

«መሠረት! የጠመኔ ተሸካሚ አድርገኸው አልነበር እንዴ?» አንዷን ጫማቸውን አጥልቀው ተነሱና በሩ ላይ ሆነው ማዶ ልብስ የምታሰጣዋን ጎረቤት ጠሩ። «አንቺ! ነይማ፣ ተማሪዬን እይልኝ!»

አለቃ ጅራቱን እየቆላ ተከተላቸው። ልብስ ሰፊውም ደንበኛ የሚጠብቀውን ሱሪ መኪናው ላይ ጥሎ፣ ወገቡን በእጁ ደግፎ፣ «ማሠልጠኑን ያሠልጥኑ፣ ውሻው ግን የኔ ነው! የኔ!» እያለ ወጣ።