የጥድ ጉዝጓዝ

አናጢው ሠላሳ ዓመት እንጨት ሲልግ ኖሯል፤ ስለ እንጨት ማንም እንዲመክረው አይፈልግም። ልጁ ሆስፒታል ስትተኛ ሁለቱን የበረሃ አይጦቿን፣ አለቃንና ምክትልን፣ ለእሱ አደራ ሰጠች። «እነሱ ካሉልኝ እኔም ድኜ እመለሳለሁ፤ ጉዝጓዛቸውን ብቻ እንዳትቀይርባቸው» አለችው። የልጅ ነገር ብሎ ናቀው።

በመስታወት ሣጥናቸው ውስጥ የተጎዘጎዘው የተቦጫጨቀ ነጭ ወረቀት ነበር። ወረቀት! በአናጢ ቤት ወረቀት ላይ መተኛት ውርደት መሰለው። ጠርጎ ጣለና ለአንድ ሀብታም ቁም ሣጥን ከላገው ጥድ የወጣውን ፍቅፋቂ፣ ቀጭኑን፣ ሽታው ቤቱን የሚያውደውን መርጦ አንድ ስንዝር ሙሉ ጎዘጎዘላቸው።

«እንግዲህ እንደ ጌታ ተኙ» አላቸው።

በሳምንቱ አለቃ ያስነጥስ ጀመር። ብርድ ይሆናል ብሎ ፍቅፋቂ ጨመረላቸው። ያላዋቂ ሳሚ ንፍጥ ይለቀልቃል ማለት ይሄው ነው። በአሥረኛው ቀን አለቃ በቆፈረው ጉድጓድ ውስጥ ደርቆ ተገኘ።

አናጢው ምክትልን በጫማ ካርቶን ይዞ ወደ እንስሳት ሐኪሟ ሮጠ። ሐኪሟ ያቺን ትንሽ ደረት ካዳመጠች በኋላ ካርቶኑን አሸተተች።

«ጋሼ፣ ይሄ ጥድ ነው?»

«አንደኛ ደረጃ ጥድ!»

«ለእኛ ሽቶ ነው፤ ለእነሱ ሳንባ ግን መርዝ ነው። ወረቀት ቢሆን ይሻላቸው ነበር።»

ጣውላ አይቶ ጠማማውን ከቀናው የሚለይ ሰው፣ ልጁ የምታውቀውን ሳያውቅ ቀረ። በራሱ አፈረ።

«አሁን ብቀይረውስ?»

«ይቀይሩት» አለች። ይድናል ግን አላለችም።

ቤቱ ገብቶ ወለል ላይ ተቀመጠና ወረቀት ሲቦጫጭቅ ዋለ። ሣጥኑ ውስጥ ጎዝጉዞ ምክትልን በላዩ አስቀመጠው። ጎኑ ከፍ ዝቅ ከማለት በቀር አልተነቃነቀም።

«ቆፍር እንጂ፣ የኔ ጌታ» ብሎ ለመነው።

ከቀኑ አሥር ሰዓት ሲሆን ጎኑም ቆመ። አናጢው ገና እጁን ከላዩ ሳያነሳ ስልኩ ጠራ።

«አባዬ፣ እንዴት ናቸው?»

«ደህና ናቸው፣ ሚጡዬ» አለ ዐይኑን በጨው አጥቦ። «እየበሉ ነው፣ እየጠጡ ነው።»

«እስቲ ሲቆፍሩ አሰማኝ። አሁን መርፌ ሊወጉኝ ነው፤ እሱን ከሰማሁ አላለቅስም።»

ስልኩን ወደ ሣጥኑ አስጠጋና በሌላው እጁ ወረቀቱን በጥፍሩ ጫር ጫር አደረገ። ትንሽ ቆም እያለ፣ ደግሞ ቶሎ ቶሎ፣ ልክ እንደነሱ።

«አባዬ» አለች በመጨረሻ፣ «የእነሱ ጥፍር እንዲህ አይከብድም። ሁለቱም ሞቱ?»

የአናጢው እጅ አላቆመም፤ ወረቀቱን መጫሩን ቀጠለ።