ከቤት የመጣ ውሃ

በዩኒቨርሲቲው የባዮሎጂ ሕንፃ ምድር ቤት የሚሠራው የውድድር ቡድን አዲስ አባል የሚቀበልበት የራሱ ሥርዓት ነበረው። ንግግር የለ፣ ጭብጨባ የለ፤ አዲስ ገቢ ሁሉ ከቤቱ አንድ ጠርሙስ ውሃ ይዞ ይመጣል። ቡድኑ ለውድድር የሚያዘጋጀው ባክቴሪያ ነው፤ ዘረመሉን ነካክተው እርሳስ ያለበት ውሃ ሲነካው እንዲቀላ አድርገውታል። እርሳስ ስንል የሚጻፍበትን አይደለም፤ በመኪና ባትሪ ሆድ ውስጥ ያለውን ከባድና መርዘኛ ብረት ነው። ባክቴሪያው ራሳቸው በመረዙት ውሃ ይቀላል፤ ከሰው ቤት በመጣ ውሃ ግን አንድም ቀን ቀልቶ አያውቅም። ይህ ለየቤቱ የምሥራች ነው፤ ለተማሪዎቹ ግን ሐዘን ነበር። ተማሪ መቼም የጎረቤት ጤና ከዋንጫ አይበልጥበትም።

የቡድኑ አለቃ ተራ ነገር ሲናገር እንኳ ነጋሪት የሚጎሰምለት ስለሚመስል “አዋጅ” ይሉታል። አዲሷን ልጅ ደግሞ ገና ሳትቀመጥ “ጭምቷ” አሏት፤ አፏን የምትከፍተው ስታዛጋ ብቻ ነው ብለው።

“ስሚ ጭምቷ” አላት አዋጅ፣ ትንሿን ክብ ሰሃን እያሳያት። “ስምሽን ክዳኑ ላይ እንዳትጽፊ። ሥሩ ላይ ጻፊ። ክዳን ታማኝ አይደለም፤ የአንዱ ለሌላው ይገጥማል።”

“እሺ” አለች። እሺ ማለትና ልብ ማለት ግን ለየቅል ናቸው። ከቤት ያመጣችውን ውሃ ባክቴሪያው ላይ ጠብ ስታደርግ ሐሳቧ ሌላ ቦታ ነበርና፣ ክዳኑ ላይ “የእኛ ቤት” ብላ ጽፋ ባክቴሪያው በሚያድርበት ማሞቂያ ሳጥን ውስጥ አስቀመጠችው።

እዚህ የገባችው ለዋንጫ አልነበረም። ታናሽ ወንድሟ ፊደል ቆጥሮ ሳይጨርስ ሆዱን እያመመው፣ እየገረጣ፣ ትናንት ያወቀውን ፊደል ዛሬ እየረሳ ሄደና አንድ ማለዳ ተንዘፍዝፎ አረፈ። ሐኪሞቹ ምክንያቱን አላወቁትም። እናትየው ግን ለራሷ ምክንያት አገኘች፤ ልጁ ከመታመሙ በፊት አልጋ ላይ ሲዘል ወድቆ ነበር። “እኔ ነኝ የገደልኩት፤ ዓይኔን ባልነቅል ኖሮ” ትላለች እስከ ዛሬ። አባትየው “ተይ እንጂ የልጆቼ እናት” ይላታል። “አንቺ አይደለሽም” ብሏት ግን አያውቅም። ሌላ ምክንያት እሱም አልነበረውማ።

ጭምቷ ዩኒቨርሲቲ ገብታ ስለ እርሳስ መርዝ ስታነብ ክው ብላ ቀረች። የሆድ ሕመሙ፣ መገርጣቱ፣ መርሳቱ፣ መንዘፍዘፉ፤ የወንድሟን ታሪክ ሰው የጻፈው መሰላት። አባቷ ባትሪ ሠሪ ነው። ግቢያቸው ውስጥ አሮጌ ባትሪ ይፈታል፤ እርሳሱን በብረት ድስት ያቀልጣል። ጭሱ ጣሪያው ላይ ያርፋል፤ ጣሪያው ዝናቡን ወደ በርሜሉ ያወርዳል፤ ከበርሜሉ ቤተሰቡ ይጠጣል። ይህን አስባ ሆድ ይፍጀው አለች። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው፤ በግምት ተነሥቶ አባትን “ልጅህን ገደልክ” አይባልም።

በማግስቱ ሳጥኑን የከፈተው አዋጅ ነበር።

“ቀላ! ኧረ በሕግ፣ ቀላ!”

ምድር ቤቱ ቀውጢ ሆነ። አንዱ መወልወያውን አቅፎ ጨፈረ፤ ቡድኑን የምትመራው መምህርት ነጭ ጋዋኗን ሳትቆልፍ እየሮጠች ወረደች። “የማን ቤት ነው?” “የጭምቷ!” ትከሻቸው ላይ አወጧት። ስታለቅስ የደስታ እንባ መሰላቸው።

“ለዚህ ውሃ አባትሽን ሳሚልን!” አላት አዋጅ።

ያን ጊዜ ክዳኑ ትዝ አላት። ከሰሃኗ አጠገብ ተማሪዎቹ የመረዙት ውሃ ያለበት ሰሃን ነበር።

“መምህርት፣ ክዳኑ ላይ ነው የጻፍኩት” አለች። “ተለዋውጦ ሊሆን ይችላል።”

ጭፈራው ቀጥ አለ። አዋጅ ጭንቅላቱን ያዘ። “አልነገርኩሽም? አልነገርኩሽም ወይ?” ሁሉም ኩም ሲል እሷ ብቻ ተስፋ አደረገች። በሦስት ሰሃን እንደገና ጀመረች፤ አሁን ሥራቸው ላይ ጻፈች። ዕድሜዋን ሙሉ ጎበዝ እንዲሏት የጸለየች ልጅ፣ ያን ቀን ዝርክርክ ሆና እንድትገኝ ጸለየች።

በማግስቱ ሦስቱም ቀሉ። ልጆቹ ዳግመኛ ጮኹ። እሷ መምህርቷን ወደ ኮሪደሩ ወስዳ ሁሉንም ነገረቻት።

መምህርቷ፣ “ቤት ውስጥ ሌላ ሕፃን አለ?” አለች።

“እህቴ አለች።”

“እንግዲያው ዛሬውኑ ንገሪያቸው የኔ ልጅ። ውሃውን በትልቁ መሣሪያ አስመረምረዋለሁ፤ እስከዚያ ግን እንዳትጠጡት። እህትሽም ደሟ ይታይ።”

ግቢው ስትገባ አባቷ አንድ ባትሪ አጋድሞ ይፈታ ነበር። እናቷ ከገመዱ ልብስ ታወርዳለች። ጭምቷ መንገዱን ሁሉ ንግግር ስታሰናዳ ነበር የመጣችው። በርሜሉን በሁለት እጇ ገፍታ ገለበጠችው።

“አበድሽ እንዴ አንቺ ልጅ!” አለ አባቷ ብድግ ብሎ።

“አባዬ፣ ውሃው መርዝ አለበት። እርሳስ ነው። ከጭሱ ነው የሚመጣው።” ወደ ድስቱ ጠቆመች። “ወንድሜም . . . ሕመሙ የእርሳስ ሕመም ነበር አባዬ።”

አባትየው ድስቱን አየ። ከዚያ ጣሪያውን፣ ከዚያ መሬት ላይ የሚሄደውን ውሃ። ሰውዬው ደንቆሮ አይደለም፤ ተጨማሪ ቃል አላስፈለገውም። ጉድና ጅራት ከወደኋላ ነው ይባላል፤ የእሱ ጉድ ልጁን ከቀበረ ከስንት ዘመን በኋላ መጣ። ወደ ሚስቱ ዞረ።

“አንቺ አይደለሽም” አላት።

እናትየው ልብሱን ደረቷ ላይ እንዳቀፈች ቆመች።

“አንቺ አይደለሽም የልጆቼ እናት። ከአልጋም አይደለም። እኔ ነኝ።”

ያችን ቃል ስትጠብቃት ኖራ፣ ስትመጣላት የምትቀበልበት ልብ አጣች። “ዝም በል” አለችው፤ “በልጄ ሞት ዝም በል።” አለቀሰች፤ ለልጇ ይሁን ለባሏ እሷም አልለየችው።

በሩ ተበረገደ። ትንሿ ልጅ ከትምህርት ቤት ገብታ ቦርሳዋን ጣለችና እንደ ወትሮው አባቷ አንገት ላይ ልትጠመጠም ሮጠች። አባትየው ወደ ኋላ ሸሸ። ሁለት እጆቹን ከጀርባው ደበቀ።

“ቆይ እናቴ፣ ቆይ። እንዳትነኪኝ። መጀመሪያ ልታጠብ።”

ጣሳውን አንሥቶ ወደ በርሜሉ ሄደ። በርሜሉ ተጋድሞ ነበር። ጣሳውን እንደያዘ እዚያው ቆመ፤ ልጅቷም እጆቿን እንደዘረጋች ጠበቀችው።