የሁለት ሰው ቋንቋ

ሊዲያና ታናሽ እህቷ ትጊ ያደጉት ስዊድን፣ አካላ በሚባል ሰፈር ነው። በልጅነታቸው በአማርኛ ሲያወሩ እናታቸው፣ በስዊድንኛ ሲያወሩ ጎረቤቱ ሁሉ ይሰማቸው ስለነበር የራሳቸውን ቋንቋ ፈጠሩ። ቃላቱን የምታወጣው ሊዲያ ነበረች። ከሁሉም የምትወደው «ዞሊማ» የሚለውን ነው። አንዳቸው የፈራች እንደሆነ ሌላዋ ብርድ ልብሷን ገለጥ አድርጋ «ዞሊማ» ትላታለች፤ ነይ፣ እኔ ጋ ግቢ ማለት ነው።

ትጊ አድጋ ዘፋኝ ሆነች፤ ሊዲያ አረጋውያን መንከባከቢያ ተቀጠረች። ባለፈው ቅዳሜ ትጊ ፊቲያ በሚባል ሰፈር ባለ አዳራሽ ከጓደኛዋ ከሀሴት ጋር ስትዘፍን እናታቸው ወይዘሮ ሸዋሉልና ሊዲያ ሊሰሙ ሄዱ። ሀሴት ክራሯን ቃኝታ፣ ዓይኗን ጨፍና፣ «ዞሊማ» ብላ ጀመረች።

ሊዲያ ባሏን ከሌላ ሴት ጋር ያየች ያህል ደሟ ፈላ። ይባስ ብሎ ቃሉ በሀሴት አፍ ያምር ነበር።

ወይዘሮ ሸዋሉል እንባቸውን ጠረጉ። «ምን እንደሚሉ ሳይገባኝ ሆዴን አላወሱት» አሉ።

«ምኑ ሙዚቃ ነው ይሄ፣ እማዬ? ትርጉም የሌለው ማላዘን!»

«ዋሽንትስ ምን ትርጉም አለው? ስንቴ አስለቅሶኛል።»

ዝግጅቱ ሲያልቅ ሀሴት ሮጣ መጥታ ሊዲያን አቀፈቻት። «ቃሉን ያወጣሽው አንቺ ነሽ አሉ! ትጊን ትርጉሙን ብለምናት ‹እህቴን ሳላስፈቅድ አልናገርም› አለችኝ። እኔ የያዝኩት ዜማውን ብቻ ነው።»

ምስጢሩ አለመውጣቱ ሊያጽናናት ሲገባ ሊዲያን ቅናቱ ባሰባት። ትርጉሙን ሳታውቅ እንዲህ ከዘፈነችው፣ ብታውቀውማ!

«ካልሲ ማለት ነው» አለቻት።

የትጊ ፊት ተለዋወጠ። ሀሴት ከልቧ ሳቀች። «ለካ ለዚህ ነው የሚሞቀው!» ብላ ክራሯን አነሳችና ለወይዘሮ ሸዋሉል እዚያው ደገመችላቸው። አሁን የሕፃን እግር የምትሸፍን ይመስል ቀስ ብላ፣ አባብላ ነው የዘፈነችው። ከቅድሙም በለጠ።

በቱነልባና፣ በምድር ውስጥ ባቡሩ፣ ሲመለሱ እናታቸው እንቅልፍ ወሰዳቸው። ትጊ ወደ እህቷ ጠጋ አለች።

«ለምን ዋሸሻት?»

«የኛ ነዋ! የሁለታችን።»

«አብረን እንዝፈነው ብዬ መጀመሪያ የለመንኩት እኮ አንቺን ነው። ድምፄ አያምርም ብለሽ እምቢ አልሽ።»

የሊዲያ ድምፅ እውነትም አያምርም።

«ነገ ደውዬ እውነቱን እነግራታለሁ» አለች ሊዲያ።

«ተይው፤ ካልሲውን ወዳዋለች» አለች ትጊ፣ ፈገግ ሳትል።

ሊዲያ ፊቷን ወደ መስኮቱ አዞረች። ካልሲውንም የፈጠረችው እሷ ነበረች። አሁን ደግሞ በካልሲው ቀናች።