አርባዎቹ የንብ መጻሕፍት

ፈለቀች እባላለሁ። ከመገናኛ ወደ ገርጂ ስትወርዱ፣ ከኮንዶሚኒየሙ ጀርባ ባለችው ትንሽ የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ሃያ ስድስት ዓመት ሠርቻለሁ። አንባቢዎቼ ፊት ለፊት «እትዬ» ይሉኛል። ዞር ስል ደግሞ «እትዬ ዝም በሉ» እንደሚሉኝ አውቃለሁ። አልቀየማቸውም፤ ዝም ማሰኘት ሥራዬ ነው።

የቤቱ ደንብ አጭር ነበር። መታወቂያህን ታስይዛለህ፣ መጽሐፍ ትወስዳለህ፣ ትቀመጣለህ። ስትወጣ መጽሐፉን መልሰህ መታወቂያህን ትቀበላለህ። መጽሐፍ ሳይወስዱ መቀመጥ ክልክል እንደሆነ በሩ ላይ በቀይ ቀለም ተጽፏል፤ የጻፍኩትም ራሴ ነኝ። ድሮ ይህ ደንብ ማንንም አስቸግሮ አያውቅም። መጽሐፍ የማይፈልግ ሰው ቤተ መጻሕፍት ምን ሊሠራ ይመጣል?

ኋላ ስልኩና ላፕቶፑ መጣ። ዋይፋይ ከገባልን ወዲህማ አርባው ወንበር ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ሳይሞላ ይያዛል። ወጣቶቹ የሚመጡት ለዋይፋዩ፣ ለሶኬቱና ለጸጥታው ነው። ቤታቸው እንዳያነቡ፣ በሁለት ክፍል ስድስት ሰው ይኖራል። እኔ ግን ደንቤን አልለቀቅኩም። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባል የለ? «መጽሐፍ ሳትወስዱ አትቀመጡም!» አልኳቸው። እነሱም ወሰዱ።

ምን እንደወሰዱ ልንገራችሁ። ከዓመታት በፊት አንድ በጎ አድራጊ «ንብ በጓሮ» የሚል ስስ መጽሐፍ አርባ ቅጂ ልኮልን ነበር። ጓሮ ለሌለው ሰፈር ለምን እንደላከው እሱ ይወቅ። ሌላ ቦታ ስላጣሁ ከጠረጴዛዬ አጠገብ ደረደርኩት። እንግዲህ ለእጅ የሚቀርበውም፣ ለመሸከም የሚቀለውም እሱ ሆነ። ልጆቹ ይገባሉ፣ መታወቂያቸውን ያስቀምጣሉ፣ ቀና ብለው እንኳ ሳያዩኝ «የንቧን» ይላሉ። እሰጣለሁ። አንዱ ከላፕቶፑ ሥር ያደርገዋል፣ ሌላዋ ስልኳን ታስደግፍበታለች። እኔም በትልቁ መዝገብ ላይ ስም፣ ሰዓትና የመጽሐፉን ርዕስ እጽፋለሁ። በቀን ወደ አርባ ጊዜ «ንብ በጓሮ» ብዬ ስጽፍ እጄ ለመደው፤ ልቤ ሌላ ቦታ ነበር።

ያንን መጽሐፍ ከፍቶ ሲያነብ በዓይኔ ያየሁት አቶ ቀጀላን ብቻ ነው። ኮንዶሚኒየሙ ከመሠራቱ በፊት ይህ ሁሉ የአባታቸው እርሻ ነበር። አሁን የሚመጡት የቤታቸውን ካርታ ጉዳይ «በኦንላይን ያመልክቱ» ስለተባሉ ነው። ቅጹን የምትሞላላቸው ቢሊሴ ናት፤ ለመሥሪያ ቤት ቅጥር ፈተና በስልኳ የምታጠና፣ ከመስኮቱ ሥር የማትጠፋ ልጅ። ቅጹ እስኪከፈት እሳቸው መጽሐፉን ይገልጡና «ይሄ ሰውዬ ንብ በዓይኑ አላየም!» ብለው ይጮኻሉ። «አቶ ቀጀላ፣ እባክዎ ቀስ ይበሉ» እላለሁ። ለአምስት ደቂቃ ያህል ቀስ ይላሉ።

በሰኔ ወር ከበላይ አካል ደብዳቤ መጣ። የዓመቱ የንባብ ሪፖርት ይላክ፤ አንባቢ የሌለው አዳራሽ ለሌላ አገልግሎት ይሰጣል ይላል። ደነገጥኩ። ይህን አዳራሽ ከወጣትነቴ ጀምሬ ወንበሩን ስጠግንለት፣ መስኮቱን ስወለውልለት ነው የኖርኩት። ከዚህ ሌላ የማውቀው ሥራም የለኝ። መዝገቡን ይዤ ሦስት ቀን ደመርኩ። በዓመቱ መጽሐፍ ዘጠኝ ሺህ ስድስት መቶ ጊዜ ተወስዷል። ከዚህ ውስጥ ዘጠኝ ሺሁ «ንብ በጓሮ» ነው። ቁጥሩ ግን ትልቅ ነው፣ መዝገቡም የተጻፈው በእጄ ነው። እንዳለ ላክሁት።

ሐምሌ ሲገባ ከዚያው ከበላይ አካል አቶ አክሊሉ የሚባል ወጣት ባለሙያ መጣ። ኮቱ ከነመስመሩ የተተኮሰ፣ ፈገግታው ሰፊ። እኔን ሲያይ ሁለት እጁን ዘረጋ።

«ወይዘሮ ፈለቀች፣ እንኳን ደስ ያለዎት! የአካባቢውን ወጣት ፍላጎት በዳታ አረጋግጠናል።»

«የምን ፍላጎት?»

«የንብ እርባታ ነዋ! ዘጠኝ ሺህ ንባብ ቀልድ ነው እንዴ? ልጆቹን በማኅበር እናደራጃለን። ቀፎው ጣራው ላይ ይሆናል፣ ይህ አዳራሽ ደግሞ ማር ማቀነባበሪያና መሸጫ።»

ይህን ብሎ ከኪሱ ሜትር አወጣና መስኮቱን መለካት ጀመረ።

የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል። አዳራሹ ባዶ ነው ተብሎ እንዳይወሰድብኝ ስሰጋ፣ ሞልቷል ተብሎ ሊወሰድብኝ ነው። ዝም ካልኩ ማር ቤት ሆነ። እውነቱን ከተናገርኩ ደግሞ «ታዲያ መጽሐፍ የሚያነብ የለም ማለት ነው» ተብሎ ይዘጋል። ቢሊሴ ኢርፎኗን አውልቃ ታየኛለች። ሌሎቹም ቀና አሉ። ሃያ ስድስት ዓመት ዝም ሳሰኛቸው ኖሬ፣ አሁን ሁሉም የእኔን ድምፅ ይጠብቃል።

«አንተ ልጅ፣ ሜትሩን ጠቅልለው!» አልኩት። ማዕረጉ ትዝ ያለኝ ከአፌ ካመለጠ በኋላ ነው።

«አቤት?» አለ።

«ማንም ያንን መጽሐፍ አያነበውም። እኔ ነኝ በግድ የማስይዛቸው። መጽሐፍ ያልያዘ አይቀመጥም ስላልኩ፣ እነሱም የቀረባቸውን ያነሳሉ። ጥፋቱ የእኔ ነው።»

አክሊሉ መዝገቡን አየ፣ አዳራሹን አየ። ከእያንዳንዱ ላፕቶፕ ሥር ቢጫ የንብ ሽፋን ብቅ ብሏል።

«እንግዲያው እዚህ የሚነበብ ነገር የለማ» አለ፤ ፈገግታው ጠፋ።

የፈራሁት ይህንኑ ነበር። እውነቱን ለመናገር፣ በስልካቸው ምን እንደሚሠሩ አንድም ቀን ጠይቄያቸው አላውቅም። ጨዋታ መስሎኝ ነበር። በዚያች ሰዓት በጣም አፈርኩ።

ቢሊሴ ተነሳች። «እኔ የማነበው ለፈተና ነው» አለች። «ካፌ ለመቀመጥ ማኪያቶ ያስይዙናል፣ እዚህ ደግሞ የንብ መጽሐፍ። ለእኛ ያው ነው።»

አዳራሹ በሳቅ ሞላ። ከዚያ ሌሎቹም ቀጠሉ። አንዱ ውጭ ላለ ደንበኛ የቤት ፕላን ይሠራል። አንዷ ሥራ ስታመለክት ስድስት ወሯ ነው፤ ትናንት ለቃለ መጠይቅ ተጠርታለች። መንታ እህትማማቾቹ በአንድ ስልክ የዩኒቨርሲቲ ትምህርት ይከታተላሉ። ሁሉንም በየቀኑ ፊቴ እያስቀመጥኩ አንዱንም አላወቅኩም ነበር።

በመጨረሻ አቶ ቀጀላ ከዘራቸውን ተደግፈው ቆሙ። «ይቺ ልጅ ባትኖር፣ ይህም ቤት ባይኖር፣ የእኔ ካርታ እስካሁን ሰማይ ላይ ነበር» አሉ። «ለመሆኑ ልጄ፣ ንቧ ከዚህ አስፋልት ላይ ምን ልትቀስም ነው?»

አክሊሉ ወንበር ስቦ ተቀመጠ፤ ሜትሩን ኪሱ ከተተ። ላፕቶፑን ከፍቶ ሪፖርቱን እዚያው ማረም ያዘ። ትንሽ ቆየና ዝቅ ባለ ድምፅ፣ «እትዬ፣ የዋይፋዩ ፓስወርድ ስንት ነው?» አለኝ።

«መታወቂያ!» አልኩት።

አውጥቶ ሰጠኝ። መጽሐፍ ግን አላስያዝኩትም። ደንቤን በገዛ እጄ ስጥስ ያን ጊዜ የመጀመሪያዬ ነው።

አዳራሹ የንባብ አዳራሽ ሆኖ ቀረ። አክሊሉ አዲስ መዝገብ ላከልኝ፤ «የመጽሐፉ ርዕስ» በሚለው ፈንታ «ምን ለመሥራት መጡ» ይላል። እኔን ደግሞ አንድ ወረቀት አስፈረመኝ። «ንብ በጓሮ» የተባለው መጽሐፍ በመዝገብ ብቻ እንጂ በእውን እንዳልተነበበ አረጋግጣለሁ የሚል ነው። ደስ ብሎኝ ፈረምኩ። የበሩንም ቀይ ጽሑፍ በነጭ ቀለም አጠፋሁት። አሁን የገባ ሁሉ ባዶ እጁን ይቀመጣል፣ የሚሠራውን ይነግረኛል፣ እጽፋለሁ። ሥራዬን እንዲህ ወድጄው አላውቅም። አርባዎቹ የንብ መጻሕፍት ግን ተደርድረው ሳያቸው ትንሽ ያሳዝኑኝ ነበር።

ነሐሴ ላይ፣ ዝናቡ ከሰዓት በኋላ ሲያወርደው፣ ኢንተርኔቱ ጠፋ። መስመር ተበጥሷል ተባለ። ስልኮቹ አንድ በአንድ ጠረጴዛ ላይ ተጋደሙ። ዝናቡ ጋብ ሲል ሁሉም ወጥቶ ይሄዳል ብዬ የመታወቂያውን መሳቢያ ከፈትኩ። ቢሊሴ ወደ እኔ መጣች።

«መታወቂያሽን ልስጥሽ?»

«አይ፣ የንቧን ይስጡኝ።»

«ደንቡ ቀርቷል እኮ፣ ልጄ። ማንም አያስገድድሽም።»

«አውቃለሁ። ንግሥቲቱ መንጋዋን ይዛ ልትወጣ ስትል ነው ያቆምኩት።»

ትክ ብዬ አየኋት። «አንብበሽዋል?»

«ኔትወርክ በጠፋ ቁጥር ሌላ ምን ነበረን? ሁላችንም አንብበነዋል። እኔ እንዲያውም ሁለተኛ ዙሬ ነው።»

ከኋላዋ ሰልፍ ተሠርቷል። ፕላን የሚሠራው ልጅ ምዕራፍ አምስት ላይ ነኝ አለኝ። መንታዎቹ ሁለት ቅጂ ወሰዱ። ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ መደርደሪያው ባዶ ሆነ። ከመስኮቱ ሥር አቶ ቀጀላ አራት ወጣቶች ሰብስበው፣ መጽሐፉ የሳተውን፣ የንብ መንጋ እንዴት እንደሚያዝ ያስረዳሉ፤ ድምፃቸው ከዝናቡ በላይ ነው። ዝም አላሰኘኋቸውም።

አዲሱን መዝገብ ከፈትኩና በእያንዳንዱ ስም ትይዩ፣ ባለቤቱን ቀና ብዬ እያየሁ፣ «ለንባብ» ብዬ ጻፍኩ። ስጨርስ ያ የፈረምኩት ወረቀት ትዝ አለኝ። መጽሐፉ አልተነበበም ብዬ በፊርማዬ አረጋግጫለሁ፤ ለካስ ሰፈሩ ሁሉ በቃሉ ይዞታል። እውነቱን ለአክሊሉ መንገር አለብኝ ብዬ ስልኩን አነሳሁ።

ያ ሜትር ትዝ አለኝ። ስልኩን ቀስ ብዬ መልሼ አስቀመጥኩት።