ለግድግዳው የተለመነ አሬራ

ሕሊና አሬራ ልለምን ብላ የተነሳችው በፍልሰታ ነው። ዓመቱን ሙሉ ሌላ ቀን የጠፋ ይመስል።

ጥፋቱ የክረምቱ ነው። በንፋስ መውጫ ከተማ ጉም ያደረበት ድንጋይ ሁሉ በነሐሴ አረንጓዴ ይለብሳል። ሕሊና ደግሞ የሥዕል አስተማሪ ናት። የሆነ አገር ሰዎች ያንን አረንጓዴ ከድንጋይ ላይ ፍቀው፣ ከአሬራ ጋር ፈጭተው በብሩሽ ግድግዳ ሲቀቡት በስልኳ አየች። ሲሰነብት ሥዕሉ ራሱ ይበቅላል። ይህን ካየች ወዲህ እንቅልፍ አጣች። ባጃጆች የሚቆሙበትን የድንጋይ ግንብ ቀበሌው ፈቀደላት፤ እሷም የሰው ቁመት የሚያህል የገብስ ዛላ ልትሥልበት ቆረጠች። ቀለም ገዝታ ብትሥል ማን ምን ይላት ነበር? ግን አንድ ነገር ልቧ ከገባ ፈንቅሎ የሚያወጣው የለም።

ላም የሚያልቡት ጎረቤቷ እትዬ አበራሽ የመጀመሪያውን ቀን አንድ ጣሳ ቀዱላት።

"አሞሽ ነው እንዴ፣ ልጄ?" አሉ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው።

"ደህና ነኝ፣ እትዬ። ለግድግዳው ነው።"

"ለግድግዳው" አሉ እትዬ አበራሽ። "እሺ፤ ለግድግዳው።"

በማግስቱ ስትሄድ አሬራውን ጥጃው ጠጥቶታል ተባለች። በሦስተኛው ቀን፣ የመሪጌታ ፊልጶስ ልጅ ጾም እየገደፈች በግድግዳ እንደምታሳብብ ያልሰማ የከተማ ሰው አልቀረም። ያውም ሕፃናት እንኳ በሚጾሙት በፍልሰታ።

መሪጌታ ፊልጶስ የድጓ መምህር ናቸው፤ እናቷ ከሞተች ጀምሮ ሕሊናን ለብቻቸው ነው ያሳደጓት። የደብሩ ቄስ ገብሬ ቤታቸው ድረስ መጥተው "ልጅዎን ይምከሩ እንጂ፣ መሪጌታ። ተማሪዎችዎ ምን ይላሉ?" ሲሉ ጓዳ ሆና ሰማች። አባቷ ቄሱን አመስግነው ሸኙ። ያም ሕሊናን እረፍት ነሳት። አገር ያሻውን ይበል፤ እሳቸው ካመኑት ግን በምን ዓይኗ ታያቸዋለች?

ከቅዳሴ መልስ እህል ሲቀምሱ "ግንቡ በቀለ?" አሏት።

"ገና ነው፣ አባዬ። ዝናቡም ግማሹን አጠበው። ካልደገምኩት ሊቀር ነው።"

"እህ" አሉና እጃቸውን ታጠቡ። ከዚያ በትራቸውን አንስተው ወጡ። ማታም አልተመለሱም።

በማግስቱ ቅዳሴ ላይ አልታዩም። በፍልሰታ ቅዳሴ ቀርተው አያውቁም። ሕሊና ደጃፍ ለደጃፍ ስትፈልጋቸው ቆይታ፣ ጨነቃትና ግንቡ ሥር ቆመች። ያኔ ቅዳሴ ወጥቶ ነጭ የለበሰው ሕዝብ መንገዱን ሞላው፤ በዚያ መሐል መሪጌታ እስከ ጉልበታቸው ጭቃ ሆነው ሲመጡ አየቻቸው። አንድ ትልቅ ቅል አቅፈዋል። ጋቢያቸው ሥር ማድረግ ሲችሉ በግላጭ ነው የያዙት።

ቄስ ገብሬ ጎንበስ ብለው እጅ ነሷቸው። "ምን ይዘው ነው፣ መሪጌታ?"

"አሬራ" አሉ መሪጌታ፣ ማሕሌት በሚመሩበት ድምፅ። "ገጠር ወርጄ ከእህቴ ከወለተ ሚካኤል ለምኜ ነው።"

እትዬ አበራሽ ነጠላቸውን ወደ አፋቸው ሳብ አደረጉ። መሪጌታ ግራ ቀኝ ሳያዩ ልጃቸው ዘንድ ደረሱ። ግንቡ ላይ ከጭቃማ ጭረት በቀር የሚታይ ነገር አልነበረም።

"አባዬ፣ አሁን እርስዎንም ያሙዎታል" አለች፤ እንባዋ ቀደማት። "ደግሞ ላይበቅል ይችላል።"

"ባይበቅልስ? ለግድግዳው ነው ብለሻል።"

ቅሉን ከፍተው ያዙላት። ሕሊና ግንቡ ሥር ከተወችው የተፈጨ አረንጓዴ ጨምራ ብሩሹን ነከረች፤ ስታወጣው የመጀመሪያው ጠብታ አባቷ ጋቢ ላይ አረፈ። አልጠረጉትም።