የእማማ ሀጂራ ምስክርነት

ሉብና ከጠዋት ጀምሮ መቀመጫ አጥታለች። ውጤቷ ጥሩ ነው፣ ድርሰቷም አልቆ ተልኳል። ዩኒቨርሲቲው ጥቂት ተማሪ ብቻ ለሚቀበልበት የጤና ኦነርስ ፕሮግራም የቀራት አንድ ነገር ነበር፤ በበጎ ፈቃድ ያገለገለችው ሰው በስልክ እንዲመሰክርላት። እሷም የእማማ ሀጂራን ስም ሰጠች። ከልጅነቷ ጀምሮ ክሊኒክ እየወሰደች የምታስተረጉመው ለእሳቸው ነው። ድርሰቷም ስለዚሁ ነበር፤ ሐኪሙ ያለውን ሁሉ አንዲት ቃል ሳላጎድል እናገራለሁ ብላ ጽፋለች።

እኩለ ቀን ላይ ኢሜይል መጣ። የጠቀስሻቸው ሴት አላውቃትም ብለዋል፤ እስከ ዛሬ ማታ ካልተስተካከለ ማመልከቻሽ ይዘጋል ይላል።

ደሟ ፈላ። ከቤቷ ከስካርቦሮ እማማ ሀጂራ እስከሚኖሩበት ሪጀንት ፓርክ ድረስ መንገዱን ሁሉ ስትነሳ ስትቀመጥ ተሳፋሪውን አሰለቸች። የጎዳናው ባቡር፣ ስትሪትካሩ፣ ቢዘገይባት አንድ ፌርማታ ቀድማ ወርዳ ሮጠች፤ ትርፉ ድካም ሆነ እንጂ ስትሪትካሩ አልፏት ሄደ።

እማማ ሀጂራ በሩን ከፍተው ሰላምታዋን እንኳ አልጠበቁም።

«መጣሽ? ዛሬ አንዱ ቢሮ ስላንቺ ሊጠይቀኝ ደወለ። መቼ አወቅሻት፣ የት ነው የምትሄዱት እያለ በአስተርጓሚ ያስጠይቀኛል። አላውቃትም ብዬ ጆሮው ላይ ዘጋሁት!»

ኩራታቸው ለጉድ ነው።

«እማማ! ይደውላሉ ብዬ ነግሬዎት የለ?»

«ዩኒቨርሲቲ አልሽኝ እንጂ ቢሮ መች አልሽኝ? የሰው ልጅ ስም ለማያውቁት ቢሮ አይሰጥም።»

ሉብና በትልቅ ሰው ላይ ድምጿን ከፍ አድርጋ አታውቅም። ዛሬ ግን ጮኸች። «ላይፌን አበላሹት!» አለች። ወዲያው አፈረች፤ ቃሉ ግን አንዴ ወጥቷል።

የእማማ ሀጂራ ፊት ተለወጠ። «ደውይ» አሉ። «አሁኑኑ ደውይና አገናኝኝ።»

ደወለች። አስተርጓሚዋ መስመሩ ላይ ስትገባ አሮጊቷ ስልኩን ተቀብለው በሩን አሳዩዋት።

«ውጪ። ሰው ፊት ለፊት አይመሰገንም።»

ኮሪደሩ ላይ ወዲያ ወዲህ አለች። ጆሮዋን በሩ ላይ ለጠፈች፤ መጀመሪያ ሳቅ ሰማች፣ ከዚያ የአሮጊቷ ድምፅ ዝቅ ብሎ ቃሉ አልለይ አላት። ጎረቤት ሲያልፍ ቁልፍ የጠፋባት መሰለች። ምን እያሏቸው ይሆን? በጩኸቷ ተቀይመውባት ቢሆንስ?

በሩ ተከፈተ።

«ጨረስን። ጥሩ ሰዎች ናቸው። ጉድለቷስ ምንድን ነው አሉኝ።»

«እና?»

«ነገርኳቸዋ። ሐኪሙ ክፉ ነገር ሲናገር ሙሉውን አትነግረኝም አልኩ።»

ሉብና ክው አለች።

«ያን ለት ሰውዬው ስለ ኩላሊቴ ያን ሁሉ ሲያወራ፣ አንቺ ጨው ይቀንሱ ብሏል ብለሽ ዝም። ከዚያ ወዲህ ቀጠሮ በቀጠሮ አደረግሽኝ። ይሄ ሁሉ ለጨው ነው? ነገር በዓይን ይገባል፤ የሰውዬውን ፊት አላይም እንዴ? ያንቺንስ?»

«ታዲያ ለምን ለእነሱ ነገሯቸው? አፕሊኬሽኔን ካንስል ያደርጉታል!»

«ምስክር አድርገሽኛል። ምስክርነት አደራ ነው፣ አላህ ይጠይቀኛል። ደግነትሽን አውርቼ አልጠገብኩም፤ ይህችን ልደብቅ?»

ሉብና ግድግዳውን ተደግፋ ቀረች። ድርሰቷ ውሸት እንደሆነ ስትጽፈውም ታውቅ ነበር። ያን ቀን ሐኪሙ ፊት ግን እኚህን ሴት እያየች ቃሉ ከአፏ አልወጣ ብሏት ነው። ፈርታ ነው። አሁንም ትፈራለች።

«ግቢ» አሉ እማማ ሀጂራ፣ ወንበር እየሳቡላት። «ለባዕድ ሰው ተናገርኩት፤ እኔ ግን እስካሁን ሕመሜን አላውቀውም። እስኪ ንገሪኝ።»

ሉብና ተቀመጠች። «ኩላሊትዎ…» ብላ ጀመረች። እንባዋን ጠረገችና እንደገና ከመጀመሪያው ጀመረች።